አልቃሿ ሳጥን

እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የትዳር ዓመታት የኖርነው ጎማ ባለው ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ልጆቼ እንኳ በደንብ አያምኑኝም። በመኪና የሚጎተት ቤት ነበር፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም ከግድግዳው ጋር የተያያዘ። ወንበር እንኳ ወዲያ ወዲህ ማድረግ አይቻልም። ላንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ተብሎ የመጣ ነው። መሐንዲሱ አንድ በጋ ኖሮበት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ያንን ቤት አውቆ የሚይዝ ሰው ቢፈለግ ከባለቤቴ በቀር አልተገኘም። እሱ የመንገድ ሥራው መካኒክ ነበር። እኔ ደግሞ ከገነተ ማርያም፣ ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ወር ያልሞላኝ ሙሽራ።

ካምፑ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማያጣው ሜዳ ላይ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ በየአገሩ መንገድ ይቆፈራል፤ የኛዎቹ የሚቆፍሩት ወደ ሙጃ የሚወስደውን ነበር። ሥራው ወደፊት እየገፋ ሲሄድ ማሽኖቹም ራቁ። መካኒክ ደግሞ የሚያድረው ማሽኑ ካደረበት ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ሰኞ ጠዋት በነዳጅ መኪና ይሄዳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እሑድ ቅዳሴ አብረን እንሄዳለን፤ ከቅዳሴ መልስ እጁን ይዤ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን የማሽን ግራሶ በስንጥር አወጣለታለሁ፤ እሱ እየሳቀ ይተኛል። ሰኞ ደግሞ የለም። የኔ ሳምንት ቅዳሜ ተወልዶ ሰኞ ጠዋት የሚሞት ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሆነው። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የመጨረሻው ሕመሙ አይደለም፤ ያ ጎማ ያለው ቤትና ግድግዳው ላይ የነበረው ሳጥን ነው።

ሳጥኑ የሳሙና ማስቀመጫ ያክላል፤ ነጭ ነው። ከአልጋው እንጨት ላይ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተለጥፎ ነበር። አንዲት አረንጓዴ መብራት አለችው። በገባን በማግሥቱ ባለቤቴ ከፊቱ አስቀምጦኝ እንደ መምህር አስረዳኝ። ይኼ ሳጥን ጋዝ ሲሸተው መብራቱ ይቀላል፤ ይጮኻልም። ሲጮህ ክብሪት እንዳትጭሪ፤ በሩን ከፍተሽ ውጪ፤ ፊት ለፊት መጎተቻው ላይ የተቀመጠውን ሲሊንደር ዝጊ፤ ሰው ጥሪ። ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመኝና ሰኞ ሄደ።

እንግዲህ በኛ አገር ጋዝ ማለት የኩራዝ ጋዝ ነው። ከባልና ሚስት አልጋ ሥር ተለጥፎ ሹክሹክታቸውን የሚያዳምጥ፣ ጋዝ ሲሸተው የሚጮህ ሳጥን አለ ከተባልኩ፣ እኔ ምን ላድርግ? ኩራዜንም፣ የጋዝ ጠርሙሴንም፣ ጋዝ የነካውን ጨርቅ ሁሉ ይዤ ወጣሁና ከቤቱ ራቅ አድርጌ ድንጋይ ከመርኩበት። የጣሪያው አምፖል ተቃጥሎ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሬ እየተኛሁ ከረምኩ። ቅዳሜ ባለቤቴ መጥቶ ኩራዙ የት ሄደ ሲለኝ ክምሩን አሳየሁት። በሩን ተደግፎ የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ቡታጋዙን እኮ ነው ያልኩሽ፣ ሆዴ" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። "ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን።"

ከዚያ በደንብ ነገረኝ። ያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሳጥኑም ታች የተለጠፈው ስለዚህ ነው። እኔም ገባኝ። ግን ወሬው ካምፑን አዳርሶ ነበርና ሾፌሮቹ ባዩኝ ቁጥር፣ እትዬ፣ ኩራዝሽ ከመቃብር ተነሣ ወይ፣ ይሉኝ ነበር።

ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ጠላ ጠነሰስኩ። ገና እየመጣ ነበር፤ የኛም የመጀመሪያው ገና። ላሊበላ ላይ ገና እንዴት እንደሚከበር ለማያውቅ መንገር ከባድ ነው፤ አገር ምድሩ ሁሉ በእግሩ ወደ ከተማው የሚወርድበት በዓል ነው፤ ቤቱ ጠላ የሌለው ሰው ያን ቀን በሩን ከፍቶ መቀመጥ ያፍራል። በካምፑ ውስጥ ግን መጠጥ መጥመቅ ክልክል ነበር። ኃላፊው፣ ሽበታም፣ ድምፀ ወፍራም ሰው፣ አንድ ሾፌር ሰክሮ መኪና ከገደል አፋፍ ካቆመ ወዲህ፣ ጠላ የጠመቀ ሻንጣውን ያዘጋጅ ብለው ነበር። እኔ ለመሸጥ አልጠመቅሁም፤ ለባሌ ነው። ለራሴ እንዲህ አልኩና በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ጌሾውንና ብቅሉን ደፍድፌ ከአልጋው ሥር አስገባሁት። የላስታ ብርድ ጠላ አያፈላም። ያ ቤት ግን ምድጃው ሲለኮስ ይሞቃል፤ ከአልጋው ሥር ደግሞ ከሁሉም ይሞቃል። ለባሌም አልነገርኩትም፤ በበዓሉ ቀን ድንገት ላቀርብለት ፈልጌ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቀን፣ የሽሮዬን ድስት አውርጄ ምድጃውን ስዘጋ ሳጥኑ ጮኸ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጆሮ ውስጥ ገብቶ ጥርስ የሚያነዝር ነው። እንዳስተማረኝ አደረግሁ፤ በሩን በረገድኩ፣ ወጣሁ፣ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ ጮህኩ። ኃላፊው ቆባቸው ወድቆ እየሮጡ መጡ። ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዲርቅ አደረጉና ወደ ቢሯቸው ገብተው በመገናኛ ሬዲዮ ሙጃ መንገድ ላይ ያለውን ጣቢያ ጠሩ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ግድም ባለቤቴ በጠጠር መኪና ጀርባ ላይ ተጭኖ ደረሰ። ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ አቧራ ነበር። መጀመሪያ እኔን ነው ያየው፤ ሁለት እጄን ይዞ አገላብጦ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ። ሳሙና በውሃ መትቶ አረፋውን በጎማ ቱቦው ላይ፣ በማሰሪያው ላይ፣ በምድጃው መክፈቻ ላይ ቀባው። የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል አለኝ። አንድም ቦታ አልነፋም። ማሰሪያዎቹን እንደገና አጠበቀ፤ ሳጥኑም ዝም አለ። ከመሸ በኋላ ወደ ሙጃ የሚመለስ መኪና ስላልነበረ አደረ።

ማክሰኞ ነበር እኮ። ማክሰኞ ቀን ባሌ ከጎኔ ተቀምጦ ሽሮ ይበላል። ከመሶቡ ማዶ ሆኜ ሳየው የሰረቅሁት ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጮኸ። ባለቤቴም እንደገና መጣ። በዚህኛው ጊዜ ቱቦውን እንዳለ አውልቆ በአዲስ ለወጠው። ባትሪውንም መረመረ፤ ባትሪ ሲደክም ሳጥኑ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ነው የሚለው፣ እንዲህ አይጮህም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ካምፑም በዚህ ጊዜ ለሳጥኑ ስም አውጥቶለት ነበር፤ አልቃሿ። ሾፌሮቹ ጠዋት ሲያልፉ፣ አልቃሿ ዛሬ ማንን ታለቅሳለች፣ ይሉኛል። አንደኛው፣ ነገረኛው፣ ይህች አልቃሽ ቅዳሜና እሑድ ሥራ አትገባም እንዴ አለና ሌሎቹን አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ምንም አላውቅም ነበር።

ያወቅሁት ከሁለተኛው ጩኸት ማግሥት፣ እሱ እንደሄደ ነው። ሲሊንደሩ ዝግ ነበር፤ ምድጃ አልለኮስኩም፤ ክብሪት እንኳ አልነካሁም። ድፍድፉን ላማስል በርሜሉን ከአልጋው ሥር ሳብ አድርጌ ክዳኑን ከፈትኩ። የጠላው ትንፋሽ ሞቅ ብሎ ፊቴን መታኝ። ማማሰያውን ሳላነሳ አረንጓዴው መብራት ቀላ። ሳጥኑ ጮኸ። ክዳኑን ከድኜ በርሜሉን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ከቤቱ ጀርባ ከሸራው ሥር አስቀመጥሁት። ቤቱ ነፈሰ፤ ዝም አለ። መልሼ አስገባሁት፤ ክዳኑን ገለጥ አደረግሁ፤ ጮኸ። ሦስት ጊዜ አስገባሁ፤ ሦስት ጊዜ አወጣሁ። ካምፑ ለሥራ ወጥቶ ነበርና የሰማ የለም። ያ ሁሉ የሳሙና አረፋ፣ ያ ሁሉ አዲስ ቱቦ ያላገኘውን ነገር እኔ በማማሰያ አገኘሁት። ጋዝ አልነበረም። ጠላዬ ሲፈላ የሚያወጣውን ትንፋሽ ሳጥኑ ለይቶ አያውቀውም፤ ሁሉንም ጋዝ ይለዋል። በሁለቱም ቀን ከጩኸቱ ትንሽ ቀደም ብዬ ድፍድፉን አማስዬ ነበር። ያ ሳጥን የተሠራበት አገር ሰው ከአልጋው ሥር ጠላ አይጠምቅማ።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ኃላፊው ያባርሩናል ብዬ ፈራሁ፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኳት ምክንያት ይህች ናት። በርሜሉን ከሸራው ሥር ደብቄ ያን ሳምንት ጨረስኩ። ቅዳሜ መጣ፤ ሰኞ ሄደ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ በደረጃዋ ላይ ተቀምጬ የሙጃን መንገድ አያለሁ። አቧራ ይነሣል፤ የሰው መኪና ነው። ደግሞ ይነሣል፤ የከብት መንጋ ነው። እስከ ቅዳሜ ስንት ቀን እንዳለ ቆጠርኩ። ተነሣሁና በርሜሉን ከሸራው ሥር ተሸክሜ ገባሁ።

የዛሬ ልጆች ስልክ አላቸው፤ ይህን ላይረዱልኝ ይችላሉ። እኔ ባሌን የምጠራበት ምንም ነገር አልነበረኝም። በአገሬ ሴት ልጅ ባሏ ናፈቀኝ ብላ አፏን አትከፍትም፤ ለእናቷ እንኳ አትልም። ያ ሳጥን ግን ስለ እኔ ሲጮህ ሬዲዮ ይጠራል፤ ሬዲዮ ሲጠራ መኪና ይነሣል፤ መኪናው ሲደርስ ከጀርባው ላይ የሚወርደው እሱ ነው።

ሁለት ጊዜ አደረግሁት። ጩኸቱ ከተሰማና ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ቤቱ ይናፈስ ተብሎ ሁሉም ሲርቅ፣ በርሜሉን በጀርባ በኩል አወጣዋለሁ። ባለቤቴ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ምንም አይሸተውም፤ አፍንጫውም ናፍጣ የለመደ ነው። በአራተኛው ጊዜ ሲሊንደሩን ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ ከመጋዘኑ ማዶ ወስዶ አስቀመጠው። ራት ሳቀርብ ከመሶቡ ይልቅ ሳጥኑን ነበር የሚያየው። ራስሽን አያምሽም ወይ፣ አያዞርሽም ወይ፣ እያለ ይጠይቀኛል። ምንም አልሆንኩ እለዋለሁ፤ እውነትም ነበር። ከስቶ ነበር። ከስቶ እንደነበር አሁን ነው የማስታውሰው፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ያየው መምጣቱን ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ኃላፊው ወደ ቤቴ መጡ። ቆባቸውን አውልቀው ደረጃው ሥር ቆሙና አልገባም አሉ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ ልጄ፣ ዕቃሽን አሰናጂ፤ ነገ ባልሽ ሲመጣ ወደ አባትሽ ቤት ያደርስሻል፤ ቤቱ ይዘጋል፣ አሉኝ። መንገዱ እስኪያልቅ ነው። መንገዱ ደግሞ ገና ሁለት ክረምት ይቀረው ነበር፤ ከገነተ ማርያም ሆኜ ባሌን የማየው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ጋሼ፣ ቤቱን የሚዘጉት ለምንድን ነው፣ ጥፋታችን ምንድን ነው፣ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ አይደለሁም የምዘጋው" አሉኝ። "ባልሽ ነው የለመነኝ። እዚያ ታች እንቅልፍ አይተኛም። በሬዲዮ የኔን ድምፅ በሰማ ቁጥር እግሩ ይከዳዋል።"

ከዚያ ቆባቸውን አጥልቀው ሄዱ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሲመጣ ዕቃ ማሰሪያ ገመድ በትከሻው ይዞ ነበር። ዕቃዬን አላሰናዳሁም። አልጋው ላይ አስቀመጥሁት፤ ወጣሁና በርሜሉን አምጥቼ ከሳጥኑ ሥር አኖርኩት፤ ክዳኑን ገለጥኩ። እሱ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አልገባውም። መብራቱ ቀላ፤ ሳጥኑ ጮኸ። ባለቤቴ ዘሎ እጄን ያዘና ወደ በሩ ጎተተኝ። ሲሊንደሩ እኮ መጋዘኑ ማዶ ነው፣ አንተው ነህ ያወጣኸው፤ ጠላው ነው፣ አልኩት። ክዳኑን ከደንኩ፤ በሩን ከፈትኩ፤ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ዝም አለ። ባለቤቴ በርሜሉን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከሁለተኛው ወዲህ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

የጠመቅሁትን ጠላ፣ የኃላፊውን ክልከላ ልናገር አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ቅዳሜ ይርቃል" አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። እንደ ኩራዙ በሩን ተደግፎ ይስቃል ብዬ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ገመዱን ከትከሻው አላወረደም።

"ያንን መንገድ ስወጣ ሞተሽ ነው የማገኝሽ" አለኝ። "አራት ጊዜ ቀብሬሽ ነው እዚህ የደረስኩት። የጠጠር መኪናው ላይ ሆኜ፣ ለአባትሽ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አስብ ነበር።"

እሱ አቧራ ለብሶ ሲወርድ እኔ ያየሁት መምጣቱን ነበር፤ መንገዱን እንዴት እንደመጣ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ተነሣ፤ በርሜሉን ተሸከመና ኃላፊው ዘንድ ይዞት ሄደ። እኔም ከኋላው። ሁሉንም እኔው ነገርኳቸው፤ አንገቴን ደፍቼ። ኃላፊው መጀመሪያ አላመኑም። እኛ ቤት ድረስ መጥተው፣ በጣሳ ትንሽ ጠላ አስቀድተው ጣሳውን ከሳጥኑ አፍ ሥር ያዙት። ሲጮህ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ የማይስቁት ሰው ሳቁ። ይኼ ሳጥን ከዘበኞቼ ሁሉ ይልቅ ደንቤን ያስከብራል አሉ። በርሜሉ በዚያው ሰዓት ከካምፑ እንዲወጣ አዘዙ፤ ቤቱ አይዘጋም አሉ። ሲሊንደሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ጠላውን የወሰደችልኝ ከካምፑ ውጭ የምትኖር አንዲት ባልቴት ናት፤ ለገና ቀን በእርሷ ቤት ጠጣነው።

ከባለቤቴ ጋር ግን እንደ ኃላፊው ቀላል አልነበረም። እሑድ ቅዳሴ አብረን ሄድን፤ እጁን ሰጠኝ፤ ግራሶውን አወጣሁለት፤ ግን አልተኛም። ሰኞ ጠዋት የነዳጅ መኪናው ሞተር ተነሥቶ ሳለ መለስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"ስትፈልጊኝ ጥሪኝ" አለኝ። "በአፍሽ ግን። በሳጥን አይደለም።"

በአፍሽ ማለት ቀላል ነው። ሬዲዮው ያለው ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ሾፌሮች ሻይ ይዘው ይቆማሉ፤ በዚያኛው ጫፍ ደግሞ የሙጃ መንገድ ሠራተኛ ሁሉ ይሰማል። ማክሰኞን እንደምንም አሳለፍኩ። ረቡዕ ነጠላዬን ተከናንቤ ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። ኃላፊው ምንም አልጠየቁኝም። የነዳጅ ዘገባቸውን ጨርሰው፣ መካኒኩን ጥሩልኝ አሉና መነጋገሪያውን ለእኔ አቀበሉኝ። ይህችን ተጫኝ፣ ስትጨርሺ ልቀቂ፣ አሉኝ። ተጫንኩት። ለቀቅሁት። ነገረኛው ሾፌር ከበሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማነው?" አለ የባለቤቴ ድምፅ።

"እኔ ነኝ።"

"ምን ሆነሽ?"

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ ያ የጠጠር መኪና፣ ያ መንገድ፣ ለአባቴ ሊነግር ያሰበው ሁሉ ነበር። በርሜሉ ከካምፑ ወጥቷል፤ ፍርሃቱ ግን ከእሱ አልወጣም ነበር። ያስገባሁበትም እኔ ነኝ።

"ምንም አልሆንኩም" አልኩት። "ናፍቀኸኝ ነው።"

በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ሻያቸውን መጠጣት አቆሙ። ሬዲዮው ለብዙ ጊዜ ሹሹ አለ። ተቆጥቶ ይሆን፣ ወይስ በዙሪያው ያሉት ሰዎች እየሳቁበት ይሆን፣ አላውቅም።

"ሰማሁ" አለኝ በመጨረሻ። "ቅዳሜ እመጣለሁ።"

የመጣውም ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ በፊት አልመጣም። ማክሰኞ ቀን ሽሮ የበላንበት ጊዜ ከዚያ ወዲያ አልነበረም፤ መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ። እኔ ግን በየረቡዑ ቢሮው በር ላይ መቆሜን አልተውኩም፤ ሾፌሮቹም እስኪሰለቻቸው ቀለዱብኝ። ሁለተኛው ረቡዕ ላይ ስጠራው አሁንም ምን ሆነሽ አለኝ። ሦስተኛውም ላይ። ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ መነጋገሪያውን ተጭኜ እኔ ነኝ ስለው፣ ባለቤቴ ምን ሆነሽ አላለኝም።

"እንደምን ዋልሽ፣ ሆዴ" አለኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።